የቅዳሜ መንገዴና አንድ ጣሳ ወተት

ሞጣ ውስጥ ለጤና ብሎ በእግር መሄድ አይቻልም፤ የሚቻለው ሰላምታ ነው። ከቤቴ እስከ መናኸሪያው ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። እኔ ግን ሃያ ዓመት በፍርድ ቤት የምስክር ቃል ስጽፍ የኖርሁ ሴት ነኝና የማያውቀኝ የለም። አንዱ ቀጠሮው ለመቼ እንደተዛወረ ይጠይቀኛል፣ ሌላዋ የባሏን አመል ትነግረኛለች፣ ሦስተኛው እናቴ እንዴት እንደሆኑ ጠይቆኝ መልሱን ሳልጨርስ የራሱን እናት ሕመም ይጀምርልኛል። ስለዚህ አንዲት ነርስ «ደም ግፊትሽ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ከወንበር ተነሺና ተራመጂ» ስትለኝ መጀመሪያ ያሰብሁት «የት ሄጄ?» የሚለውን ነው።

መላ ያገኘሁት ከመኪና ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቢቸና በሚሄድ ቅጥቅጥ እሳፈራለሁ። ከከተማ ወጥተን ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተጓዝን «ወራጅ አለ» እላለሁ። ረዳቱ በመስኮት አየት ያደርግና «እዚህ? እዚህ እኮ ምንም የለም» ይለኛል። እኔ ደግሞ የምፈልገው ምንም የሌለበትን ነበር። ከዚያ በጤፍ ማሳ ዳር ዳር እሄዳለሁ፣ ወንዝ እሻገራለሁ፣ ኮረብታ ላይ ያለችውን ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ፤ በሌላ በኩል ዞሬ ዋናው መንገድ ላይ እወጣና ያገኘሁትን መኪና ይዤ እመለሳለሁ። አንዳንዴ ራቅ ብዬ ደብረ ወርቅ ድረስ ሄጄ ከዚያ ቁልቁል ወደ እርሻው እወርድ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ቀሚሴ ሰፋኝ፣ እንቅልፌም እንደ ልጅ ሆነ።

ባለቤቴ አበጀ እንጨት ሠሪ ነው። ሙሉ ቀን ቆሞ ስለሚውል፣ ሰው ከፍሎ ከተሳፈረ በኋላ መሀል ሜዳ ወርዶ በእግሩ የሚንከራተትበት ምክንያት አልገባውም። ጫማዬን ሳስር እያየ «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይለኝ ነበር። የገጠሩ ሰውማ ጭራሽ ግራ ገባው። የከተማ ሴት ብቻዋን በማሳ መካከል ቶሎ ቶሎ ስትራመድ ያየ ሁሉ ከብት የጠፋባት ወይም መርዶ የያዘች ይመስለዋል። አንድ ጊዜ ሦስት ሴቶች «ማን ሞተ?» ብለው ነጠላቸውን ሊያዘቀዝቁ ምንም አልቀራቸውም። ማንም አለመሞቱን እስካስረዳቸው ድረስ ላብ በላብ ሆንሁ።

ይህን የምጽፈው ግን ለጨዋታ አይደለም። ጤና ፍለጋ በሄድሁበት መንገድ ታምሜ ዳንሁ፤ ታምሜ ሳለሁ ደግሞ አንድ ጥፋት ሠራሁ። በኔ ጥፋት አንድ ሽማግሌ ዛሬም ያለ ዱላ አይሄዱም። ሌላ ሰው ከሁለቱም እንዲጠበቅ ብዬ ነው።

እትየ እንጉዳይ የሚባሉ አንዲት እናት ቤታቸው ከዋናው መንገድ አንድ ሰዓት ያህል ገባ ይላል። መጀመሪያ በደጃቸው ያለፍሁት በመስከረም መጨረሻ ነበር። ቅዳሜ ሰንበት ስለሆነ በሬ አይጠመድም፤ እሳቸውና ባላቸው አያ ይርሳው ደጅ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ምን ጠፋብሽ ልጄ?» አሉኝ እትየ እንጉዳይ።

«ምንም አልጠፋብኝም እትየ። ለጤናየ ነው የምሄድ።»

«ለጤና ከሆነማ መንገድ ምን ያደርግልሻል። ወተት ነው እንጅ።»

ተነሥተው ገቡ። በወይራ ከታጠነ ዕቃ ገና ያልበረደ ወተት በጣሳ ቀድተው አረፋው ሳይጠፋ ሰጡኝ። ቆሜ ልጠጣ ስል ተቆጡኝና ተቀምጬ ጠጣሁት። እንደዚያ ያለ ወተት ከልጅነቴ ወዲህ አልቀመስሁም ነበር። ስነሣ አያ ይርሳው ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው እስከ ዋናው መንገድ ሸኙኝ፤ መኪና እስካገኝም አብረውኝ ቆሙ። ያን ጊዜ ዱላውን የሚይዙት ለወግ ነበር፤ አረማመዳቸው እኔን ያስሮጠኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥቅምትን ሙሉ ሌላውን መንገድ ሁሉ ትቼ በየቅዳሜው ወደዚያው ሆነ። እኔ ስኳርና ሳሙና ይዤ እሄዳለሁ፤ እሳቸው ጣሳውን ሞልተው ይጠብቁኛል። አንድ ቅዳሜ ግን ስደርስ ቤቱ አዝኖ አገኘሁት። ዳለቻ የምትባለው ላማቸው ያለ ጊዜዋ ጥጃዋን ጥላ ነበር። አያ ይርሳው በእጃቸው ስበው አውጥተው ከጓሮ ቀብረውታል። «ዓይን ነው» አሉ እትየ እንጉዳይ። የሁለተኛይቱን ላም ወተት ግን ያን ቀንም አልነፈጉኝም። እኔም ማዘኔን ነግሬ ጠጣሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ በኅዳር መጨረሻ፣ የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ነው። እንደ ውኃ እያሳሳቀ ነበር የወሰደኝ። ጠዋት ደኅና እነሣለሁ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ብርድ ብርድ ይለኝና ችሎት ላይ ስጽፍ ጣቴ ይንቀጠቀጣል። ማታ አተኩሳለሁ፤ ሲነጋ የለበስሁትና የተኛሁበት በላብ ርሶ ይገኛል። በነጋታው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሥራ እገባለሁ። ጎረቤት ሁሉ «ምች ነው» አለ። አበጀም «ፀሐይ ላይ ስትንከራተቺ መትቶሽ ነው» ብሎ ዳማ ከሴ አሽቶ አሸተተኝ። ደስ ይላል ሽታው። ትኩሳቱ ግን በሰዓቱ መጣ።

ክሊኒክ ሄድሁ። ደም ሰጥቼ ግማሽ ቀን ተቀመጥሁና «ታይፎይድ ነው» ተባልሁ። ያዘዙልኝን ኪኒን ስጨርስ ትንሽ ተሻለኝ፤ ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰብኝ። ሌላ ክሊኒክ ሄድሁ፤ «ታይፈስም አለበት» አሉ። ሦስተኛው ቦታ ኩላሊቴን ጠረጠሩ። ወባ እንደሌለብኝ ሁሉም ተስማሙ። ሁሉም ቦታ ያው አግዳሚ ወንበር፣ ያው የሚያለቅስ ሕፃን፣ ያው ከመስኮት ውስጥ የሚጠራ ስም ነው። ስሜ እንዳያልፈኝ ሽንት ቤት እንኳ አልሄድም ነበር። የምርመራ ወረቀቴ ተጠራቅሞ አንድ የይግባኝ መዝገብ አከለ፤ ውሳኔ ግን የለበትም።

በጥር ቀኝ ዳሌዬን ያዘኝ። መጀመሪያ ደረጃ ስወጣ ነበር፤ ቀጥሎ ከወንበር ስነሣ ሆነ፤ ለጥምቀት ታቦት ሲወጣ ከበር ላይ ሆኜ ድምፁን ብቻ ሰማሁ። ወጌሻ መጥቶ «ውልቃት ነው» አለና ጎትቶ፣ አሽቶ፣ አስሮኝ ሄደ። ያን ሳምንት የጮህሁትን ያህል በምጥ አልጮህሁም። ራጅ ተነሣሁ፤ «ዲስክ ይሆናል» ተባለ። ጸበልም ገባሁ፤ ልቤ አረፈ፣ ዳሌዬ ግን እንደነበረ ነው።

አበጀ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ግድግዳ ይዤ ስሄድ አየኝ። የመንገድ ጫማዬን አነሣና ቆጥ ላይ ወረወረው።

«ምን ማለትህ ነው?» አልሁት።

«እግርሽን የጨረሰው እሱ ነው። አልሁሽ፤ አልሰማሽም።»

«መንገዱማ ያዳነኝ ነበር።»

«ይኸው መዳንሽን እያየሁት ነው።»

ለሁለት ሳምንት ያህል ከ«ብዪ» እና «በላሁ» በቀር አልተነጋገርንም። ግን አንድ ነገር ልናገርለት። በየማለዳው ያንን በላብ የራሰ አንሶላ የሚያጥበው እሱ ነበር። ግቢያችን አጥር የለውም፤ የሞጣ ሰው ሁሉ እያየው፣ አንዳንዱም እየሳቀበት፣ በእነዚያ ሙጫ በደረቀባቸው ጣቶቹ አጥቦ ያሰጣዋል። ተኮራርፈንም አጥቧል። ያን ያህል ፍቅር እንዳለው ጤነኛ ሳለሁ አላወቅሁም ነበር።

ፈራሁ። ጎረቤቶቼ ከኔ ዘንድ ሲሆኑ የማያወሩት አንድ የበሽታ ስም ነበረ፤ ካንሰር። አለመናገራቸው ከመናገር ባሰብኝ። አንድ ቀን ቀሚሶቼን ለማን ለማን እንደምሰጥ በልቤ ስደለድል ራሴን ያዝሁት። ሰማያዊዋን ለማንም መስጠት አልቻልሁም፤ እሷን እያሰብሁ አለቀስሁ።

ሁዳዴ ከተጋመሰ በኋላ ቢቸና ያለችው ታናሽ እህቴ ብዙዓየሁ «ነይ፤ እዚህ አንድ የሚያዳምጥ ሐኪም መጥቷል» ብላ አስጠራችኝ። በመኪናው እያንዳንዱ ጉድጓድ ዳሌዬ ውስጥ ገብቶ ይወጣ ነበር። አቃሰትሁ መሰል፣ ጋቢና ተቀምጦ የነበረ አንድ ሽማግሌ ሳልጠይቀው ወርዶ ቦታውን ሰጠኝ። ወደ እትየ እንጉዳይ ቤት የምወርድበት ኩርባ ላይ ስንደርስ በመስኮቱ አየሁት። መንገዲቱ ደርቃ፣ ነጥታ፣ ወደ ወንዙ ትወርዳለች። እንደገና እረግጣት ይሆን እያልሁ አንገቴን አዙሬ እስክትጠፋ አየኋት።

ሐኪሙ ከሩቅ አገር የመጣ ወጣት ነው፤ አማርኛውን መርጦ፣ ቀስ ብሎ ይናገራል። እውነትም ያዳምጣል። ወረቀቶቼን አንድ በአንድ አነበበ፣ እግሬን አነሣ፣ ዳሌዬን ተጫነ፤ ከዚያ መጠየቅ ጀመረ።

«ከብት አለዎት?»

«የለኝም።»

«ጥሬ ሥጋ ይበላሉ?»

«ኧረ ጾም ነው ዶክተር።»

«ጥሬ ወተትስ ይጠጣሉ?»

ተቀየምሁ። እውነቴን ነው፣ ፊቴ ጋለ። ሁዳዴን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሽሬ አላውቅም፤ ያን ዓመት ታምሜ እንኳ ንስሐ አባቴ ብዪ ሲሉኝ እንቢ ብያለሁ። «ጾም እኮ ነው። በሁዳዴ ማን ወተት ይጠጣል?» አልሁት። ልጁ አፍሮ ይቅርታ ጠየቀኝና ወረቀቱ ላይ ከጥያቄው ጎን አንድ የ«የለም» ጭረት አደረገ። ቀጥሎ ስለ ሳንባ ነቀርሳ አነሣ። እሱን ተመረመርሁ፤ የለብኝም። የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶኝ ከፋሲካ በኋላ እንድመለስ ቀጠረኝ።

እኔ ሃያ ዓመት የምስክር ቃል ጽፌአለሁ። ምስክር የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚመልስ። «ያን ቀን አይተኸዋል?» ቢሉት «አላየሁም» ይላል፤ እስከዚያ ቀን ዋዜማ ድረስ አብሮት ይኖር እንደነበር የሚናገረው ዳኛው አስፍቶ ሲጠይቀው ነው። እንዲህ ያለውን ቃል ስጽፍ በልቤ ስንቱን ገበሬ ታዝቤአለሁ። ሐኪሙ ፊት ስቀርብ ግን ከሁሉም የባስሁ ምስክር ሆንሁ። አልዋሸሁም። ያችን ጭረት ግን ያስደረግኋት እኔ ነኝ፤ ሳምንታትም አስከፈለችኝ።

ፋሲካን እህቴ ዘንድ ዋልሁ። በማግስቱ ጠዋት ብዙዓየሁ «ገርጥተሻል፤ ሰውነትሽን ይመልሰው» ብላ ከጎረቤት ያስመጣችውን ወተት በጣሳ አቀረበችልኝ። የወይራው ጢስ ሽታ አፍንጫዬ ገባ። እትየ እንጉዳይ ፊቴ ድቅን አሉ፤ ደጃቸው፣ አረፋው፣ የጥቅምት ቅዳሜዎች፣ የተጣለው ጥጃ። እጄ ቀጥ አለ።

«ምነው?» አለች።

«ይኸ ወተት ፈልቷል?»

«እንዴት ይፈላል፣ አሁን የታለበ ነው።»

ጣሳውን መልሼ አስቀመጥሁና ሁሉን ነገርኋት።

«ታዲያ ይህን ሐኪሙ አልጠየቀሽም?»

«ጠይቆኛል።»

«ምን አልሽው?»

«ጾም ነው አልሁት።»

ብዙዓየሁ መጀመሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

ሐኪሙ ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጥያቄውን ያላሰፋሁት እኔ ነኝ» አለ፤ እንዲህ ያለ ቃል ከሐኪም አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ደሜን ወሰዱ። ውጤቱ ሲመጣ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ነው አለኝ። ላሞችን የሚያስወርድ በሽታ ነው፤ ጥሬ ወተት የጠጣ ወይም የተጣለ ጥጃ በባዶ እጁ የነካ ሰውንም ይይዛል። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ቆይቶ ወገብና ዳሌ ላይ ይቀመጣል። ታይፎይድ የሚመስለው ብዙ ነው አለኝ። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ለሦስት ወር አዘዘልኝ፤ አንድ ቀን እንኳ እንዳላጓድል አስማለኝ። አንደኛው ሽንትን ብርቱካን የሚያስመስል ስለሆነ እንዳልደነግጥ ነገረኝ። ነግሮኝም ደነገጥሁ።

ልወጣ ስል ጠራኝ። «ወተቱን ለሰጡዎት ሰዎች ይንገሯቸው። ወተቱን አፍልተው ይጠጡ፤ የሚያመው ካለ ቶሎ ይምጣ። ቶሎ ከተያዘ ይድናል፤ ከቆየ አጥንት ይጎዳል።»

«እሺ» አልሁ። ይህ በግንቦት መጀመሪያ ነው።

ወደ ሞጣ ተመለስሁ፤ መድኃኒቱም ሠራ። በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ጠፋ፤ አበጀ የመጀመሪያውን ደረቅ አንሶላ በእጁ ዳስሶ ሲወጣ አየሁት። እንደገና መሄድ ተማርሁ። በመጀመሪያ እስከ በሩ፣ ቀጥሎ እስከ ልብስ ሰፊው፣ ቀጥሎ እስከ መናኸሪያው። ያን ጊዜ የሞጣ ሰላምታ በጀኝ። የሚያቆመኝ ሰው ሁሉ ማረፊያ ሆነልኝ፤ የእናቱን ሕመም የሚተርክልኝን ሰውዬ እስከ መጨረሻው አዳመጥሁት። አበጀ ጫማዬን ከቆጥ አውርዶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ ከዋንዛ የጠረበውን ምርኩዝ ከጎኑ አስቀመጠልኝ። ይቅርታ አላለኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

ለእትየ እንጉዳይ ግን አልነገርሁም።

የአያ ይርሳው ስልክ ቁጥር ነበረኝ። ግን ምን ይባላል? ተቀምጬ እንድጠጣ ተቆጥተው በፍቅር የሰጡኝን «መርዝ ነበር» ልበላቸው? መንደሩ ቢሰማ ቅቤያቸውን ገበያ ላይ ማን ይገዛቸዋል? እንግዳስ ማን ይገባላቸዋል? ሲሻለኝ ሄጄ ፊት ለፊት እነግራለሁ አልሁ። መንገዱም አንዳንዴ ይዘጋ ነበር፤ መኪና ሳምንት ሙሉ የማይንቀሳቀስበት ጊዜ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ይህ ሁሉ ሰበብም ነው። ለራሴ ስል ነው የዘገየሁት። ያን ቤት እንዳላጣው ፈራሁ።

በሰኔ አንድ ቀን እንደምንም ደወልሁ። እትየ እንጉዳይ ናቸው ያነሡት።

«ምነዋ ልጄ፣ ጠፋሽ። ታመሻል አሉ?»

«አሁን ደኅና ነኝ እትየ። አያ ይርሳው ደኅና ናቸው?»

«አለ፤ ወገቡን ትንሽ ያዝ አድርጎታል። እርሻው ነው፣ እርጅናም ነው። ማታ ማታ ያተኩሰዋል።»

ሰማሁ። ጆሮዬ ደኅና ነው፤ ሥራዬ መስማትና መጻፍ ነው። ወገብ፣ ማታ፣ ትኩሳት፤ እነዚህን ሦስት ቃላት በየክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ስደግማቸው ከርሜአለሁ። «እግዜር ይማራቸው በሉልኝ» አልሁና ስልኩን ዘጋሁት። ጥፋቴ ያልኋችሁ ይህ ነው።

አበጀ በየሳምንቱ ይጠይቀኝ ጀመር። «ነገርሻቸው?» ሲለኝ «በስልክ እንዴት ይነገራል» እላለሁ። አንድ ማለዳ መጋዙን አስቀምጦ አየኝና «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የሰው በሽታ የደበቀስ ምን ይባላል?» አለኝ።

ነሐሴ ገብቶ፣ የፍልሰታ ጾም በተያዘ በሦስተኛው ቀን፣ መኪና መሄዱን አረጋግጠን ሁለታችንም ተሳፈርን። ኩርባው ላይ ስንደርስ «ወራጅ አለ» ያለው አበጀ ነው። ረዳቱ እንደ ልማዱ «እዚህ ምንም የለም» አለ። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ጭቃው ግን ጫማ ያስቀራል። ያቺ የአንድ ሰዓት መንገድ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀችብን። በየመቶ እርምጃው እቆማለሁ። አበጀ ክንዴን ይዞ፣ አረንጓዴውን ማሳና በጉም የተሸፈነውን ኮረብታ ሲያይ ቆየና «ለዚህ ነበር እንዴ የምትመጪው» አለ። አዎ አልሁት።

አያ ይርሳው መደቡ ላይ ጋቢ ተከናንበው ተኝተው አገኘኋቸው። ግማሽ ሆነዋል። ለመነሣት ክንዳቸውን ተመረኮዙና ተውት። «ወገቤ እንቢ አለኝ ልጄ፤ አትቀየሚኝ» አሉ። እትየ እንጉዳይ የተቀቀለ ድንች አቀረቡና «ጾም ሆኖብን እንጅ ወተቱ ነበረ» እያሉ ይቅርታ ጠየቁኝ።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻልሁም። ቆሜ፣ ምርኩዜን ይዤ፣ ሁሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው። ወተቱን፣ ጥጃውን፣ ሐኪሙን፣ ያን የስልክ ቀን። ስጨርስ አያ ይርሳው እጃቸውን ገልብጠው አዩት፤ ጥጃውን ያወጡበትን እጅ።

«ከግንቦት ጀምረሽ ታውቂ ኑሯል?» አሉ እትየ እንጉዳይ።

«አዎ እትየ።»

«ያን ቀን በስልኩ ወገቡን ስልሽ፣ ታውቂ ኑሯል?»

«አውቅ ነበር። አፈርሁ።»

ቆሎ ሊያወጡ ይሁን ሊያለቅሱ ወደ ጓዳ ገቡ፤ ወዲያው ተመለሱ። «እፍረትሽን ብትነግሪኝ እኔ እሸከምልሽ ነበር» አሉ። «የሱን ወገብ ግን ማን ይሸከምለት?»

ጮኸው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አልሰደቡኝም። ነጠላቸውን አንሥተው «በሉ እንሂድ፤ መኪና ሳያልፍ» አሉ።

ጎረቤት ቃሬዛ ሊያመጣ ሲሮጥ አያ ይርሳው «ቃሬዛ ለሬሳ ነው» ብለው እንቢ አሉ። በአንድ ወገን አበጀን፣ በሌላው የኔን ምርኩዝ ይዘው ወጡ። እኔ ያለ ምርኩዝ ከኋላቸው ሄድሁ። እሳቸው ስንቱን ቅዳሜ ሲሸኙኝ በኖሩበት መንገድ ቆም እያሉ፣ እያቃሰቱ፣ ሳር ላይ እየተቀመጡ ተጓዙ። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ኋላ ዞረው «ዳሌሽን አመመሽ?» ብለው ጠየቁኝ። አሞኝ ነበር፤ አላመመኝም አልሁ።

የመጨረሻውን መኪና ይዘን ቢቸና እህቴ ዘንድ አደርን። በማግስቱ ያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ጠብቀን ያው ሐኪም ፊት ገባን። ክፍሉ ስለማይበቃ እትየ እንጉዳይና አበጀ ውጭ ቀሩ፤ እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። ለራሳቸው ይናገሩ ብዬ ዝም አልሁ። ሐኪሙ ወገባቸውን ነካካ፣ ትኩሳታቸውን ለካ፣ ያንኑ ወረቀት አወጣ።

«አባባ፣ ከብት አለዎት?»

«እግዜር ይመስገን፣ አለኝ።»

«ጥሬ ወተት ይጠጣሉ?»

ነገሩን ያውቁታል፤ ትናንት ራሴ ነግሬአቸዋለሁ። ግን በፍልሰታ፣ በማያውቁት ወጣት ፊት፣ ሚስታቸው ስለሚያልቡት ወተት ሲጠየቁ አፋቸው ቀደማቸው። ቀና አሉና «ኧረ ልጄ፣ ጾም ነው» አሉት።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን ወደ ወረቀቱ አወረደ።

«ይጠጣሉ» አልሁ፤ ሳላውቀው ተነሥቼ ቆሜአለሁ። «ጾም እስኪገባ ድረስ በየቀኑ ይጠጣሉ። የተጣለውን ጥጃም በባዶ እጃቸው ነው ያወጡት። እኔም የጠጣሁት ከሳቸው ቤት ነው። እርስዎ በግንቦት ንገሪያቸው ብለውኝ ነበር፤ ሦስት ወር ሙሉ ሳልነግራቸው ቀረሁ፤ እሳቸው ያለ መድኃኒት ከረሙ። ይጻፉት።»